ለቁርስ ቤት ጋዝ ከማን ልያዝ? (ድሬዳዋ፣ ሳቢያን)

የሳቢያን ቁርስ (ጠያቂ)

ሰላም የድሬ ልጆች። ሳቢያን አካባቢ አንዲት ጠባብ ቤት ተከራይቻለሁ። ፉል፣ ፈጢራ፣ እንቁላል፣ ሻይ። ቁርስ ብቻ ነው፤ ከጠዋቱ አስራ ሁለት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት። ፀሐዩ ሲበረታ ዘግቼ መተኛት ነው ሐሳቤ።

እስካሁን ቤቴ ውስጥ የምሠራው በከሰልና በኤሌክትሪክ ምድጃ ነበር። ለንግድ ግን መብራትን አላምንም። ባለፈው ሳምንት ጎረቤቶቼን ለሙከራ ጠርቼ፣ ፉሉ ሊፈላ ሲል ድርግም አለ። ከሰል ደግሞ ዋጋውን ታውቁታላችሁ፤ ጭሱም ከላይ ከሚኖሩት ጋር ያጣላኛል። ስለዚህ ጋዝ። ነጭ ጋዝ አይደለም የምለው፣ ሲሊንደሩን ነው። ባለፈው ሌላ ቦታ ስጠይቅ ግማሹ ሰው ስለ ላምባ ሲመክረኝ ነበር።

ሦስት ምርጫ አለኝ። አንዱ የአንድ ነዳጅ ኩባንያ ወኪል ነው። ሲሊንደሩን በማስያዣ ይሰጣል፣ ደረሰኝ ይቆርጣል፤ ግን ራቅ ይላል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። ሁለተኛው ሰፈር ውስጥ ያለ ሱቅ ነው። የሁሉንም ዓይነት ሲሊንደር ደባልቆ ይሸጣል፣ ርካሽ ነው፣ በባጃጅ ቤት ድረስ ያመጣል። ሦስተኛው የባለቤቴ ጓደኛ ነው። በሚመላለስበት መኪና ከአዲስ አበባ ላምጣልሽ ይላል።

ልቤ ወደ ሱቁ ነው። ምን ትላላችሁ? በተለይ ቁርስ ቤት ያላችሁ።

አቦ ከዚራ

አቦ እንኳን ደስ አለሽ! ፈጢራው በማር ከሆነ የመጀመሪያው ደንበኛ እኔ ነኝ። ስለ ጋዙ አላውቅም፣ የቤታችንን የምትገዛው ሚስቴ ናት።

ሻይ ቤት ለገሀሬ

እህቴ ሦስተኛውን አሁኑኑ ሰርዢው። እኔ በዛ መንገድ ሞክሬዋለሁ። ሰውየው አንዴ ያመጣል፣ ሁለቴ ያመጣል፣ ሦስተኛው ላይ "መኪናው ጋራዥ ገባ" ይልሻል። አንቺ ደግሞ ሰላሳ ሰው ቁጭ አድርገሻል። ከአዲስ አበባ እስከዚህ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ያን ሁሉ መንገድ ሲሊንደሩ በሻንጣና በሰው መሐል ተጋድሞ ነው የሚመጣው። የኔን ያመጣው ልጅ እግሩን አሳርፎበት ነው አዋሽን ያለፈው፣ እየሳቀ ነገረኝ። እኔ ግን አልሳቅኩም።

በሁለቱ መካከል ከሆነ አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። ሲሊንደር ሲያልቅብሽ ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚያልቀው? መልሱን እኔ ልንገርሽ። ሁልጊዜ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ሰው በሞላበት። ያኔ በሩ ክፍት የሆነው ማን ነው? እሱን አስቢ።

የሳቢያን ቁርስ

ወይኔ፣ ሰዓቱን አላሰብኩትም ነበር። ሱቁ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ይከፍታል። ወኪሉ ሦስት ሰዓት ነው የሚከፍተው።

ባለ ቁልፍ

የጋዝ ምድጃና መስመር በመግጠም ነው የምተዳደረው፤ ድሬም ሐረርም እሠራለሁ። ትንሽ ላስረዝም፣ ይቅርታ።

መጀመሪያ ፍጆታሽን እንወቅ። ተለምዷዊው ሲሊንደር 12.5 ኪሎ ጋዝ ይይዛል። ወደ ሙቀት ሲቀየር 160 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ተራ የቤት ስቶቭ አንዱ ምድጃው ሙሉ ሲከፈት 2 ኪሎዋት አካባቢ ይበላል። ስለዚህ 80 ሰዓት ገደማ ይሠራል። ለቤት ከወር በላይ ነው። የፉል ድስት የሚሸከመው ትልቁ ምድጃ ግን ሌላ ነው። 8 ኪሎዋት የሚበላ ከሆነ ሙሉ ከፍተሽ 20 ሰዓት ነው የሚያቆይሽ። በቀን አምስት ሰዓት ከሠራሽ አራት ቀን። እሳቱን እየቀነስሽ ብትሠሪም ሳምንት ብዙም አታልፊም። በወር አንዴ ለሚገዛ ሰው ራቅ ያለ ወኪል ችግር የለውም። አንቺ ግን በየሳምንቱ ነው የምትሄጂው። የማመላለሻውን ሒሳብ ከዋጋው ጋር ደምሪው።

ሁለተኛው ነገር ሰው ከገዛ በኋላ ነው የሚገባው። የሲሊንደር አፍ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ሬጉሌተሩ (ሲሊንደሩ አፍ ላይ የሚገጠመው የጋዝ መቆጣጠሪያ) ጠቅ ብሎ የሚገባበት ነው፣ ሌላው በጥርስ የሚጠብቅ ነው፣ ጠቅ የሚሉትም ራሳቸው ስፋታቸው ይለያያል። የአንዱን ኩባንያ ሲሊንደር ስትገዢ ከሬጉሌተሩ ጋር ተጋብተሻል ማለት ነው። ደባልቆ የሚሸጠው ሱቅ ዛሬ ያንዱን ይሰጥሻል፣ በሚቀጥለው ሳምንት "እሱ አልቋል፣ ይኼን ውሰጂ" ይልሻል። ሬጉሌተርሽ አይገባም። ያኔ ሰው ምን ያደርጋል መሰለሽ? ጎማ ቆርጦ እንደ ጓርኒሲዮኒ፣ እንደ መድፈኛ፣ ይጠቀማል፣ ፕላስቲክ ይጠቀልላል፣ በሽቦ ያስራል። እንዲህ የታሰረ ስንቱን ፈትቻለሁ። ስለዚህ ጋዙን ከመምረጥሽ በፊት አፉን ምረጪ። በከተማው ውስጥ በብዙ ቦታ የሚገኘው አፍ የትኛው እንደሆነ ዞረሽ እዪ። እንደ ቶታልና ኖክ ያሉት ማደያ ላይ የምናውቃቸው ኩባንያዎች ሲሊንደርም አላቸው፤ የያንዳንዱን ሬጉሌተር አብሮ የሚሸጥልሽን ጠይቂ።

ደቻቱ ዳር

ባለ ቁልፍ እውነቱን ነው። እኔ ደግሞ ሚዛን ልጨምር።

አምና ከአንድ ሱቅ (ስሙን አልጠራም፣ ሰውየው አሁንም ጎረቤቴ ነው) ሲሊንደር ወሰድኩ። በፊት አንድ ወር ከአስር ቀን የሚያቆየኝ በሃያ ዘጠኝ ቀን ሙት አለ። ሚስቴ "ባቄላ በዝቷል" አለችኝ። እኔ "ጎማው ያፈስሳል" አልኩ። ጎማ ቀየርኩ። የሚቀጥለውም በሃያ ስምንት ቀን አለቀ። ከዛ አንዱ ሥጋ ቤት ያለው ዘመዴ ሲሊንደሩን ሚዛን ላይ አስቀመጠልኝ፤ ሦስት ኪሎ ተኩል ጎደለ! አቦ ሦስት ኪሎ ተኩል ማለት በየወሩ ሩቡን አየር ነው የምገዛው።

እያንዳንዱ ሲሊንደር አንገቱ ወይም እጀታው ላይ ባዶ ክብደቱ ተቀርጿል። እሱን አንብቢ፣ 12.5 ጨምሪበት፣ መዝኚ። ሌላ ብልሃት የለውም። እየነቀነቁ "ሙሉ ነው፣ ይሰማሻል?" የሚሉሽን አትስሚ፤ ግማሹም ይንቦጫረቃል።

አቦ ከዚራ

ሚስቴን ጠየቅኳት። "ሲሊንደሩን ቤት ውስጥ እንዳታስገባ፣ ውጭ ታድርገው" ትላለች።

ሻይ ቤት ለገሀሬ

በድሬ ፀሐይ? ሚያዝያ ላይ ቆርቆሮ አጠገብ? ሴትየዋን ልታስፈነዳት ነው እንዴ?

አቦ ከዚራ

ቤት ውስጥ ቢያፈስስስ? ሰው የሚበላበት ቦታ!

ሻይ ቤት ለገሀሬ

የኔ አስራ አንድ ዓመት ቤት ውስጥ ነው። አንድም ቀን ምንም አልሆነም።

ባለ ቁልፍ

ሁለታችሁም ግማሽ ግማሽ ልክ ናችሁ። ውጭ፣ ግን ጥላ ስር። በጀርባ በኩል፣ አየር በሚያልፍበት፣ ሲሚንቶ ወለል ላይ ቆሞ። ሲሊንደር ሁልጊዜ ይቆማል፣ አይጋደምም፤ ከተጋደመ በጋዙ ፋንታ ፈሳሹ ወደ ጎማው ይገባል።

ፀሐዩን በተመለከተ። ሲሊንደር በደንብ ከተሞላ ፈሳሹ 80 በመቶ ገደማ ነው የሚይዘው። ቀሪው ሲሞቅ ለሚያብጠው የተተወ ቦታ ነው። አደጋው ከልክ በላይ የሞላው ነው። ስለዚህ ደቻቱ ዳር በነገረሽ መንገድ መዝነሽ በዝቶ ስታገኚውም "ሰውየው ቸር ነው" ብለሽ አትደሰቺ። መልሺው።

ውስጥ የሚያስፈራው ደግሞ ሌላ ነው። ይኼ ጋዝ ፕሮፔንና ቡቴን ነው፣ ከአየር ይከብዳል። ሲያፈስስ ወደ ላይ አይወጣም፤ ወለሉ ላይ ይተኛል፣ ዝቅ ያለ ቦታ ፈልጎ ይሄዳል። መስኮት ከፍቼዋለሁ ማለት ብቻውን አይበቃም፤ በር መከፈት አለበት፣ ከታች። ቤትሽ ውስጥ የፍሳሽ ቀዳዳ ካለ ሲሊንደሩ ከሱ ይራቅ። የሻይ ቤት ለገሀሬ አስራ አንድ ዓመት ምንም አለመሆኑ ደስ ይለኛል። አንድ ቀን መጥቼ ጎማህን ልየው፣ በነፃ።

ሻይ ቤት ለገሀሬ

ና። ሻይም አለ።

ጁገል ውስጥ

ሰላም አለይኩም ከሐረር። የናንተ ችግር ቀላል ነው። እኔ ቤቴ ጁገል ውስጥ ነው፤ ወደኛ መንገድ ባጃጅም አይገባም። ሲሊንደሩ እስከ ሸዋ በር በመኪና ይመጣል፣ ከዛ ወይ በአህያ ወይ በትከሻ። ሙሉው ከብረቱ ጋር 27 ኪሎ ይጠጋል። በዛች ጠባብ ቁልቁለት የተሸከመው ያውቃል። መጀመሪያ ዋጋ አይቼ ከአራተኛ ሰፈር ማዶ ነበር የምገዛው። አሁን ለበሩ ቅርብ ከሆነው ነው የምወስደው፤ ልዩነቱን ለተሸካሚው ስለምከፍል ያው ነው።

ግን አንድ ነገር ልንገርሽ እህቴ፣ ይኼ ነው ዋናው። ባለፈው ረመዳን ጋዝ ጠፋ። ከተማው ሁሉ ባዶ ሲሊንደር ይዞ ይዞር ነበር። እኔ ርካሹ ሱቅ ደንበኛ ነኝ ብዬ ሄድኩ፤ "አልቋል ወንድሜ" አለኝ። በኋላ ግን በእጥፍ ለከፈለ ሰው ከጓሮ ሲያወጣለት አየሁ። ጎረቤቴ ግን ከወኪል በማስያዣ የወሰደ ነበር። ስሙ መዝገብ ላይ ነበረ፣ ተራ ጠበቀ፣ በአራተኛው ቀን አገኘ። እኔ ሰላሳ ቀን ሙሉ ሾርባ በከሰል። ወላሂ ከዛ ቀን ጀምሮ አቅራቢን የምመዝነው ጋዝ ሲኖር አይደለም፣ ሲጠፋ ነው።

መጋላ

ማስያዣ ማስያዣ አትበሉ እንጂ። እኔ ማስያዣዬን እስካሁን አልተመለሰልኝም። ቤት ስቀይር ሲሊንደሩን ይዤ ሄድኩ፣ "ደረሰኝ አምጣ" አሉኝ። ደረሰኙን አይጥ ይብላው ልጅ ይቅደደው እኔ ምን አውቃለሁ? አራት ዓመት አልፎታል። "ያለ ደረሰኝ አይሆንም" ብለው መለሱኝ። ባዶ ሲሊንደሩ አሁን በረንዳዬ ላይ የአበባ መደርደሪያ ሆኗል።

ጁገል ውስጥ

ሃሃሃ፣ አብሽር። ደረሰኙን ፎቶ አንስተህ ለራስህ ብትልከው ኖሮ።

መጋላ

አራት ዓመት ስልክም ይቀየራል ጌታዬ።

ባቡር ጣቢያ

ኧረ ትንሽ ለምን አትታገሺም? የካሉብ ጋዝ ወጥቷል እኮ። መስከረም 2018 ላይ የመጀመሪያው ምዕራፍ ተመርቋል። ሶማሌ ክልል ጎረቤታችን ነው፣ ነገ ተነገ ወዲያ በቧንቧ ቤታችን ይገባል። ያኔ ሲሊንደር ተሸክመን መዞር ታሪክ ይሆናል።

ባለ ቁልፍ

ወንድሜ ይኼን በየቀኑ እጠየቃለሁ። የካሉቡ የተፈጥሮ ጋዝ ነው፤ አብዛኛው ሚቴን ነው። ሲሊንደር ውስጥ ካለው ጋር አንድ አይደለም። ያኛው ከአየር ይቀላል፣ ይኼኛው ይከብዳል። ያኛውን ፈሳሽ ለማድረግ ከዜሮ በታች 160 ዲግሪ ገደማ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል፣ በቤት ሲሊንደር አይያዝም። በቧንቧ ቢመጣ እንኳ የስቶቭሽ የጋዝ መውጫ ቀዳዳ መቀየር አለበት፤ ለሲሊንደር ጋዝ የተሠራው ለሚቴን ይጠብበዋል። እና የቧንቧ መስመር እስኪዘረጋ ድረስ ሴትየዋ ፉሉን በምን ትቀቅል?

ባቡር ጣቢያ

እሺ እሺ። ተስፋ ማድረግ ግን አይከለከልም።

የሰምቡሳ እናት

ልጄ፣ እኔ ከማንኛውም አቅራቢ ብትወስጂ አልከራከርም። አንድ ነገር ብቻ ልንገርሽ፤ የደረሰብኝን።

ቀፊራ ገበያ አጠገብ ሰምቡሳ ስጠብስ አስራ ስድስት ዓመቴ ነው። አንድ ሌሊት ለፆም መፍቻ ሊጥ አድርጌ ለመተኛት ስል የበሰበሰ ነገር ሸተተኝ። የበሰበሰ ሽንኩርት መስሎኝ ቅርጫቱን ፈተሽኩ። ከዛ ነው ትዝ ያለኝ፣ ጋዝ ራሱ ሽታ የለውም፣ እንዲሸተን ብለው ነው የሚጨምሩበት። ልጄ መብራት ሊያበራ እጁን ዘረጋ። ጮህኩበት! እጁን ከማብሪያው ላይ መትቼ ነው ያወረድኩት። በጨለማ በሩን ከፈትን፣ ሲሊንደሩን ዘጋሁ፣ ልጆቹን ይዤ ደጅ ተቀመጥን። ልጄ እስከ ዛሬ "እማዬ የዛን ሌሊት ለምን መታሽኝ" ይለኛል።

ጠዋት ሲታይ ፋሸታው (ጎማውን አጥብቆ የሚይዘው ቀለበት) ላልቶ ነበር። ፋሸታ ብቻ! በጥፍር የምታዞሪው ነገር። ከዛ ወዲህ ሲሊንደር በቀየርኩ ቁጥር ሳሙና በውሃ አረፋ አድርጌ መገናኛውን እቀባለሁ። አረፋው ካበጠ ያፈስሳል። በክብሪት የሚፈትሹ አሉ፤ እነሱን አላህ ይጠብቃቸው።

ሻይ ቤት ለገሀሬ

ባለ ቁልፍ፣ ነገ ና። ዛሬም ከሆነ ዛሬ።

የሳቢያን ቁርስ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እማማ፣ ታሪክዎን ለባለቤቴ አነበብኩለት፤ ጓደኛውን ራሱ ደውሎ "ተወው" አለው። ሦስተኛው ምርጫ አለቀ።

ሁለቱን ዛሬ ሄጄ አየሁ። መጀመሪያ ሱቁ። "አንዱን ልውሰድ፣ ግን ይመዘን" አልኩት። "ሚዛን የለኝም" አለኝ። ሚዛኑ አጠገቡ ነው! ሽንኩርት ተቀምጦበታል። "ይኼስ?" ስለው "እሱ የሽንኩርት ነው" አለኝ። ሽንኩርቱን አንስቼ ወደ ጎን አደረግኩ። ሰውየው ሽንኩርቱን መልሶ አስቀመጠ። ሁለት ጊዜ! ከዛ ስቄ ወጣሁ። ክፉ ሰው አይደለም፣ ቲማቲም አሁንም ከሱ ነው የምገዛው።

ወኪሉ ጋር ሲሊንደሩ ላይ የተቀረጸው 14.3 ነበር። 12.5 ሲደመር 26.8። ራሳቸው ሳልጠይቅ ሚዛን ላይ አወጡት፣ 26.7 መጣ። ልጁ "አንድ መቶ ግራም ይቅርታ" አለኝ፣ ቀልዶ ነው።

ግን የሰዓቱ ነገር አልለቀቀኝም። ሦስት ሰዓት ነው የሚከፍቱት። ስለዚህ ሁለት ሲሊንደር በማስያዣ ያዝኩ። አንዱ ሲሠራ ሁለተኛው ቆሞ ይጠብቃል። አንዱ ባዶ በሆነ ቀን ከሰዓት ወስጄ እቀይራለሁ፣ እስከ ማግስቱ ጠዋት አላዘገይም። አንድ ባጃጅ ነጂ አነጋገርኩ፣ ያን ቀን ባዶውን ወስዶ ሙሉውን ያመጣል። ዋጋውን እዚህ አልጽፈውም፣ ነገ ይቀየራል። የባጃጁንም ደምሬ ግን ከሱቁ የሚበልጥብኝ ከሁለት ሳህን ፉል ዋጋ አይበልጥም።

ደረሰኙን ፎቶ አንስቼ ለእህቴም ለባለቤቴም ለራሴም ልኬያለሁ፤ መጋላ ስላስፈራራኝ።

ባለ ቁልፍ

ጥሩ አደረግሽ። ጎማውን ስትገዢ ላዩ ላይ የተሠራበት ዓመት ተጽፎበታል፣ አሮጌ እንዳይሸጡልሽ። ከአምስት ዓመት በላይ አትጠቀሚበት፤ በድሬ ሙቀት ከዛም ቀደም ብሎ ይሰነጠቃል። እጥፍ ስታደርጊው ስንጥቅ ካየሽ ጣይው። የፉሉ ምድጃ ላይ ነበልባሉ ሰማያዊ መሆን አለበት። ቢጫ ሆኖ ድስቱን ካጠቆረው አየር አልበቃውም ማለት ነው፣ ጋዝም ያባክናል። ሐሙስ መጥቼ እገጥምልሻለሁ።

መጋላ

የኔን የአበባ መደርደሪያ የሚገዛ አለ?

ደቻቱ ዳር

ከነ አበባው ስንት?

የሳቢያን ቁርስ

ሐሙስ ባለ ቁልፍ መጥቶ ገጠመልኝ። ሲሊንደሮቹ በጀርባ በር በኩል ጥላ ስር ቆመዋል። ሳሙናውን እሱ አረፋ አደረገው፣ እኔ ቀባሁት። ሬጉሌተሩ ጋ ምንም። ጎማው ስቶቩ ላይ የሚገባበት ጋ ግን አንዲት ትንሽ አረፋ እንደ ምስር እያደገች መጣች፣ ፈነዳች፣ ሌላ መጣች። አዲስ ጎማ፣ አዲስ ፋሸታ፣ እዛው እያየሁት! ግማሽ ዙር አጠበቀው፣ ቆመች። ቁጭ ብዬ ትንሽ ጊዜ ዝም ብዬ አየሁት።

የሰምቡሳ እናት

አየሽ ልጄ።

አቦ ከዚራ

እኛ ደግሞ ስለ ፈጢራው ነው የምንጠይቀው። መቼ ነው?

የሳቢያን ቁርስ

ቅዳሜ፣ አስራ ሁለት ሰዓት። ማር አለ። ውጭ ጥላ ስር የቆመው ወንበር አይደለም አቦ፣ እንዳትቀመጥበት።